የዜኦላይት ቀዳዳ አልሰፋ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ዜድኤስኤም-5 በሚባለው ዜኦላይት (ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ክሪስታል) ነው። የተፈጥሮ ቀዳዳው 0.55 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ወፈር ያሉ ሞለኪውሎች እንደልብ አይገቡም፤ የገቡትም ቶሎ አይወጡም። እዚያው ቆይተው ካርቦን ይሆኑና ካታሊስቱን፣ ማለትም የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥነውን ዜኦላይት፣ ይዘጉታል። ሜሶፖር (ሰፋ ያለ ቀዳዳ) ልክፈትበት ብዬ በ0.2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለ30 ደቂቃ አከምኩት። ናይትሮጅን ጋዝ አስገብቶና አስወጥቶ ቀዳዳውን የሚለካው የናይትሮጅን ልኬት ግን ከበፊቱ ብዙም አልተለየም። የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ጥምርታው 15 ነው። ሰዓቱን ላርዝመው?

ቤዝ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ችግሩ ሰዓቱ ሳይሆን ጥምርታው ነው። ቤዙ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ) ነቅሎ የሚያወጣው ሲሊኮኑን ነው። አሉሚኒየም ያለበት ቦታ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ሃይድሮክሳይዱን ይገፋዋል፤ ጎረቤቱ ሲሊኮንም አብሮ ይተርፋል። 15 ላይ ጠባቂው በዝቷል። ይሄ አሠራር የሚያምርበት ጥምርታው ከ25 እስከ 50 ሲሆን ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ደግሞ የሚከላከል ስለሌለ ክሪስታሉ ያለ ልክ ይሟሟል።

ሰላሙ፦
በእንፋሎትስ ቢሞክረው? ዋይ በሚባለው ሌላ የዜኦላይት ዓይነት ላይ የተለመደ ነው።

ቤዝ ወዳጅ፦
ይሠራል፣ ግን እንፋሎት የሚያወጣው አሉሚኒየሙን ነው። ካታሊስቱ የሚሠራባቸው አሲዳማ ቦታዎች አብረው ይቀንሳሉ። ከሚፈጠረው ክፍተት ብዙው ክሪስታሉ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር ነው። ወደ ውጭ በር ከሌለው ለሞለኪውል ዝውውር ምን ይረባል?

ዝምተኛው፦
ሌላ ዜኦላይት ከመፈለግህ በፊት ቤዙን ጠንከር አድርገው። ሲሊኮኑ ሲወጣ ግን አሉሚኒየም የበዛበት ፍርስራሽ ተመልሶ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀጥለህ በቀላል አሲድ እጠበው። 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ65 ዲግሪ፣ ለ6 ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ሰው ይህቺን እርምጃ ይዘላትና «አልሠራም» ይላል። ናሙናውን በፊትም በኋላም አድርቀህ መዝን፤ ምን ያህል እንደሟሟ ወዲያው ይነግርሃል። የክሪስታሉን ደኅንነት የሚያሳየውን ኤክስሬይ ዲፍራክሽንም አትርሳ፣ ክሪስታሉ ከፈረሰ ቀዳዳው ብቻውን ዋጋ የለውም።

ልኬት፦
ሁለት ነገር ልጨምር። የቀዳዳ ስፋት ስታሰላ ናይትሮጅኑ የሚወጣበትን መስመር አትመን። 4 ናኖሜትር አካባቢ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጫፍ ያሳይሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የልኬቱ ጠባይ እንጂ እውነተኛ ቀዳዳ አይደለም። ናይትሮጅኑ የሚገባበትን መስመር ተጠቀም። ሁለተኛ፣ ከቤዙ በኋላ ዜኦላይቱ ሶዲየም ይዟል። በአሞኒየም ናይትሬት ደጋግመህ ቀይረህ 550 ዲግሪ ላይ ካላቃጠልከው አሲድነቱ አይመለስም።

ጀማሪው፦
ተባረኩ! አሲድ እጥበቱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ቤዙን ስንት ድረስ ላጠንክረው?

ዝምተኛው፦
በአንዴ አትዝለል። 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እያልክ ትንንሽ ናሙና ሥራ። ሁሉንም በአሲድ ካጠብክ በኋላ አነጻጽር።