ወደ ኋላ መንዳትን ኮምቦልቻ ተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን «ወደ ኋላ ነድቼ ፓርክ ማድረግ አቃተኝ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅኩ» ብላ ስትጽፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ለንደን ውስጥ በዚሁ ነገር ወድቄያለሁ። ያለፍኩት ወሎ ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ጠዋት አንድ ቤት፣ ከሰዓት ሌላ ቤት። በአውቶቡስ ሲሆን ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ የግድ ሆነብኝ። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ፤ ከ50 ጥያቄ 43 መመለስ ይበቃል። የመንገዱ ፈተና ላይ ትንንሽ ስህተት እስከ 15 ድረስ ይታለፋል። አንድ ከባድ ስህተት ግን ይጥላል። የኔ ከባድ ስህተት የመጣው መጨረሻ ላይ፣ መኪናውን ወደ ኋላ ነድቼ በሁለት መስመር መሀል ሳስገባ ነው። ዓይኔ እስፖኪዮው ላይ ተተክሎ ቀረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ልጇን በጋሪ እየገፋች ታልፍ ነበር። አላየኋትም። ፈታኙ ፍሬን ያዘ። ሴትዮዋም ልጇም ምንም አልሆኑም። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ከዚያ ለእረፍት አገር ቤት ገባሁ። አጎቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ዕድሜውን ከባድ መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነስቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይመላለስ ነበር። ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መንዳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠቀልይ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። ጉዳዬን ስነግረው «አብሽሪ ልጄ፣ ይኼ የዓይንና የእግር ነገር ነው፤ እጅ መጨረሻ ነው የሚመጣው» አለኝ።

ደሴ እናቴ ጋ ነበር ያረፍኩት። እዚያ ግን ሁሉም ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት በዶሮ መዝለያ ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ። አጎቴ የአንድ ወዳጁን ሰፊ የመጋዘን ግቢ አስፈቀደልኝ። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መንገድ ላይ አልወጣንም፣ በሩም ዝግ ነበር። እንግሊዝ አገር የአንድ መኪና ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ሜትር በ4.8 ሜትር ነው ስለው «አምስት ክንድ በአሥር ክንድ ማለት ነዋ» ብሎ በክንዱ ለካ። ቢጫ ጄሪካኖች ውሃ ሞልቶ ግራና ቀኝ ደረደረ።

የመጀመሪያውን ቀን መሪ አልጨበጥኩም። እሱ አሮጌ ፒክአፑን ወደ ኋላ እየነዳ ያስገባል፣ እኔ ውጭ ቆሜ ጎማውን አያለሁ። ይህን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም ነበር። ወደ ኋላ ስትነጂ የኋላው ጎማ ብዙም አይወራጭም፤ ሰፍቶ የሚዞረው የፊቱ ነው። መሪውን ወደ ግራ ስትጠቀልይ ቂጡ ወደ ግራ ይገባል፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይወጣል። ጠባብ ቦታ ወደ ኋላ እየነዱ መግባት የሚቀለውም ለዚህ ነው። የማይታጠፈው ጎማ አስቀድሞ ቦታውን ይይዛል፣ የሚታጠፈው ከውጭ ሆኖ ያስተካክላል።

ሁለተኛው ቀን የእግር ነበር። ፍሪሲዮን ብቻ፣ ያ በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል። መኪናው እንዲንፏቀቅ እንጂ እንዲሄድ አልተፈቀደልኝም። «ከጎማው ሥር ያለውን ጠጠር መቁጠር እስክትችዪ ድረስ ቀስ በዪ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ስትቸኩዪ እጅሽ መሪውን ጠቅልሎ ሳይጨርስ መኪናው አልፎ ይሄዳል። ቀስ ካልሽ ለማየትም ለማሰብም ጊዜ አለሽ።

ዋናው ግን ሦስተኛው ቀን ነው። እኛ አገር ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ብቻውን አይደለም። ረዳት አለ፣ ረዳት ከሌለ መንገደኛ አለ። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ... በቃ!» ይላል። መስኮቱን ሁለቴ ቸብ ሲያደርግ ትቆሚያለሽ። እኔም በልጅነቴ መናኸሪያ አካባቢ ይህን ስሰማ ነው ያደግኩት። የግቢው ጠባቂ «ነይ» ማለት ሲጀምር አጎቴ አስቆመው። «እዚያ ለንደን ማን ሊልላት ነው? ተዋት፣ ራሷ ትይ» አለው።

በዚያው ቀን ቦታውን ሁለት ጊዜ በደንብ ገባሁት። ሦስተኛው ላይ ደስ ብሎኝ እስፖኪዮ ብቻ እያየሁ ስገባ ኋላ የሆነ ነገር ገጨሁ። አጎቴ ሳላየው አንድ ጄሪካን ከኋላዬ አስቀምጦ ነበር። ወርጄ አየሁ። ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው መሬት ላይ ይፈስሳል። «የነገርሽኝ ሴትዮ እዚህ ጋ ነበረች» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ዛሬም ኋላ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ያ ውሃ ይታየኛል።

እህቴ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦታውን አልፈሽ ቁሚ፤ ከመስመሮቹ ጫፍ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ራቂ። ከመንቀሳቀስሽ በፊት ዙሪያውን በሙሉ ተመልከቺ፣ በሁለቱም ትከሻ። መንፏቀቅ ስትጀምሪ መሪውን ወደ ቦታው በኩል እስከ መጨረሻው ጠቅልዪ። አፍንጫው ሲወጣ ሌላ መኪና እየመጣ እንደሆነ እዪ። በሁለቱም እስፖኪዮ መስመሮቹ ከመኪናሽ ጎን ጋር እኩል ሲሄዱ መሪውን ፍቺው። ጠምዞብሽ ከሆነ ቁሚ፣ ወደ ፊት ወጥተሽ አስተካክዪ። ይህ በፈተና ላይም ይፈቀዳል። ብዙዎቻችን ማስተካከል የሚጥል እየመሰለን ጠማማውን ይዘን እንቀራለን። ሰው ካለፈ ደግሞ ቁሚና አሳልፊ። ፈታኙ አይቸኩልም።

አገር ቤት የተለማመድሽ ከሆነ አንድ ነገር ይለወጣል። እዚህ እንግሊዝ መሪው በቀኝ ስለሆነ ወደ ኋላ የምትዞሪው በግራ ትከሻሽ ነው። ማርሹም በግራ እጅ ነው። ፔዳሎቹ ግን ያው ናቸው። አጎቴ ያስተማረኝ እግር እንዳለ ለንደን ገባ፤ የትከሻው ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

«ካሜራ ያለው መኪና ግዢ» ያላችሁ ወንድሞች፣ ለበጎ እንደሆነ አውቃለሁ። ካሜራ በፈተናም አይከለከልም። ግን እሱን ብቻ እያየ የሚገባ ሰው እንደኔ ይወድቃል። ካሜራው ከጎን እየሮጠ የሚመጣ ሕፃን አያሳይም። መጀመሪያ አንገቷን ማዞር ትልመድ፣ ካሜራው በኋላ ይደርሳል።

አዲስ ለመጣችሁም፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ኑሯችሁን እዚህ ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው። የአንዳንድ አገሮች ፈቃድ በእንግሊዝ ፈቃድ ይቀየራል፣ የኛ ግን አይቀየርም። 12 ወሩ ሳያልቅ ለፈተናው ተዘጋጁ፣ ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም።

እኔ ሁለተኛው ፈተና ላይ ያው ወደ ኋላ መግባት ደረሰኝ። ገባሁት፣ አንዴ ወጥቼ አስተካከልኩ፣ አለፍኩ። የዚያኑ ዕለት ኮምቦልቻ ደወልኩ። አጎቴ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወዲያው «አንገትሽን አዞርሽ?» ነው ያለኝ።

እህቴ፣ አንቺም ለንደን ነኝ ብለሻል። ከተለማማጅ ጎን የሚቀመጥ ሰው ከ21 ዓመት በላይ መሆን አለበት፤ መንጃ ፈቃዱንም ከያዘ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። እኔ ገና ነኝ። ባለቤትሽ ሞልቶት ከሆነ እሱ ይቀመጥ፣ ኢንሹራንስሽንና የተለማማጅ ምልክቱን አትርሺ። እኔ እንደ ጄሪካኖቹ የሚደረደር ኮን ይዤ እመጣለሁ፤ ውጭ ቆሜ አይሻለሁ፣ «ነይ፣ ነይ» ግን አልልሽም። እሑድ ጠዋት ይመቸኛል። ሰፈርሽን በውስጥ ጻፊልኝ።