«ኮንቲንጀንሲ» በአማርኛ ምን ይባላል? እባካችሁ፣ ለእኅቴ ነው

ጠያቂው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኅቴ ሜሪላንድ መኪና ገጭቷት ጠበቃ ይዛለች። ደብዳቤው «ኦን ኤ ኮንቲንጀንሲ ቤሲስ» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳይ «ድንገተኛ ሁኔታ» አለኝ። «በድንገተኛ ሁኔታ እንሠራለን» ሊሆን ነው? አምቡላንስ ናቸው እንዴ? ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከተረታች ትከፍላለች ወይስ አትከፍልም?

መሐንዲሱ፦
ቀላል ነው። መጠባበቂያ ማለት ነው። እኛ የሥራውን ዋጋ ደምረን መጨረሻ ላይ 10 በመቶ ኮንቲንጀንሲ እንጥላለን። ሲቆፈር ዐለት ቢወጣስ? ለዚያ ነው። ጠበቃውም 10 በመቶ ሊጨምርባት ይሆናል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ኧረ ቀስ! ሥሩ ላቲን ነው። «ኮን» አብሮ፣ «ታንጌሬ» መንካት። ክቡን ነክታ የምታልፈው ታንጀንት የዚሁ ቤት ልጅ ናት። መንካት እንዴት ያልታሰበ ነገር ሆነ ካላችሁ፣ አማርኛችንን ጠይቁ። «ምን ነካህ?» ስንል ማን ዳሰሰህ ማለታችን አይደለም፤ ምን ሆንክ ነው። «ክፉ አይንካሽ» ብላ የምትመርቅ እናትም ያው ናት። ስለዚህ ትርጉሙ «ነኪ» ይሁን።

እትዬ ሰዋስው፦
«ነኪ»? በግእዝ ነካ «ለከፈ» ነው። በአንተ ስሌት ጠበቃው ለካፊ ሊባል ነው! ደግሞ «ኮን»ን የት ጣልካት? ላቲኑ አብሮ መነካካት ነው የሚለው። የኛው «ገጠመ» ነው። ሁለት ሳንቃ ሲገናኝ ገጠመ፤ ሳታስበው ሲመጣብህ አጋጠመህ። አጋጣሚ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጋጣሚ ያለፈ ነገር ነው። «በአጋጣሚ አገኘሁት» ይባላል። ኮንቲንጀንሲ ግን ገና አልሆነም፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

እትዬ ሰዋስው፦
«አጋጣሚውን ካገኘሁ እሄዳለሁ» ብለህ አታውቅም? ሄደሃል ታዲያ? እኔ ግእዝ ሳስተምር አንተ ገና ፊደል አልቆጠርክም።

ጡረተኛው ሻምበል፦
ጦር ሜዳ «ኮንቲንጀንት» እንል ነበር። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የኢትዮጵያ ኮንቲንጀንት ነው፤ ከየአገሩ ከተዋጣው ጦር የኛ ድርሻ። አሁን «ድርሻ»ን እዩልኝ። ከ«ደረሰ» ነው የመጣው። ዕጣ ደረሰኝ፣ መከራ ደረሰብኝ። ሁለቱንም ትርጉም አንድ ግሥ ይዞልናል። ነካንም ገጠመንም ተዉት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ሻምበል፣ ይቺስ ቆንጆ ናት።

እትዬ ሰዋስው፦
ቆንጆ ናት፤ ግን «ኮን» አሁንም የለችም።

ጠያቂው፦
እኅቴ ስልክ ላይ ናት። ትከፍላለች?

የቨርጂኒያው፦
ወንድም፣ እኔን ስማኝ። ደርሶብኝ ነው። ጠበቃው የሚወስደው ከካሳው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲሶውን። ከተረታች የጥብቅና ክፍያ የለም። መዝገብ ማስከፈቻና የባለሙያ ወጪ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ውሉ ላይ «ኮስትስ» የምትለዋን ቃል ፈልጋ ታንብብ። እኔ ሳላነብ ፈርሜ ተሸነፍኩ፤ ከዚያ የወጪ ቢል ቤቴ ድረስ መጣ።

እትዬ ሰዋስው፦
ሲሶ አልክ? ይኸውላችሁ ትርጉሙ! አገራችን «በሲሶ ማረስ» ይባል አልነበር? ዝናብ ከቀረ ሁሉም ባዶ እጁን ነው። ጠበቃው በሲሶ ያርስላታል በላት።

ጡረተኛው ሻምበል፦
እትዬ፣ ሲሶ አራሽ እኮ ሲሶውን ለባለመሬቱ የሚሰጥ ነው፤ ሁለት እጁ የአራሹ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠበቃው ሁለት እጅ ሊወስድ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ባለመሬቱ ጠበቃው ከሆነስ? ሕጉን የሚያውቀው እሱ ነው፤ መሬቱ የእሱ ነው ማለት ይቻላል።

መሐንዲሱ፦
ዘሩን ማን ቻለ? እሱ ነው የሚወስነው።

ጠያቂው፦
ኧረ እኛ ሜሪላንድ ውስጥ መሬት የለንም!