ጥቆማ፦ ለአርቪ (ውስጡ ለሚታደርበት ቤት መሰል መኪና) የትኛው ሂተር ይሻላል? (ሌድቪል፣ ኮሎራዶ)

የኦሮራ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ያገለገለ አርቪ ገዝተናል። ጃንዋሪ ላይ ሌድቪል አካባቢ ጫካ ውስጥ ሦስት ሌሊት ልናድር ነው። መብራት የሚሰካበት ቦታ የለም። የራሱ ማሞቂያ በፕሮፔን ይሠራል፤ ግን ነፋሹ ባትሪ ይጨርሳል። ስንሞክረው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ቡዲ የሚባለውን የፕሮፔን ሂተር ልግዛ ወይስ የቻይናውን የናፍጣ? ዴንቨር ውስጥ የሚገጥም ሰውም ጠቁሙኝ።

ጋቢ ለባሹ፦ ጋቢ። ካልበቃ ቡልኮ። ካልበቃ ሆቴል።

ትራክ ነጂው፦ ናፍጣ ነው ወንድሜ። እኔ ዋዮሚንግ በረዶ ላይ ቆሜ ያደርኩት በዌባስቶ የናፍጣ ሂተር ነው። የሚያቃጥለውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል። ውስጥ የሚቀርልህ ደረቅ ሙቀት ብቻ ነው። ቡዲ ግን ቤት ውስጥ ስለሚነድ እንፋሎት ይለቃል፤ ጠዋት መስኮቱ ሲያለቅስ ታገኘዋለህ። ናፍጣው ሲነሳ ከባትሪው 10 አምፒር ገደማ ይበላል፣ ከሞቀ በኋላ ግን 1 ወይም 2 ቢፈልግ ነው።

ቡዲዬ፦ እኔ ቡዲን አራት ክረምት ተጠቅሜ አንድ ቀን አላሳፈረኝም።

ትራክ ነጂው፦ የት?

ቡዲዬ፦ ጋራዤ ውስጥ።

ጋቢ ለባሹ፦ አይ ተራራ!

መመሪያ አንባቢ፦ የቡዲ መመሪያ ከ7,000 ጫማ ከፍታ በላይ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል ይላል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ስላለው ነው። ሌድቪል 10,152 ጫማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ እንደማደር ቁጠሩት።

ቡዲዬ፦ የኔ አይጠፋም።

የልጆች እናት፦ እኔ የናፍጣውን አስገጥሜ ጉድ ሆኛለሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። የጭስ ማውጫውን ማያያዣ ሳያጠብቀው ሰጠኝ። ሌሊት የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ጮኸ፣ በፒጃማ ከነልጆቼ በረዶ ላይ ወጣን። መልሼ ስወስድለት «አላርምሽ ነው የተበላሸው» አለኝ።

አንድ ሰው፦ ስሙን ጥሪ እንጂ! ሌላውም እንዳይሸወድ።

የድሮ ደንበኛ፦ እኔ የምሄድበት ሱቅ እንዲህ አያደርግም።

የልጆች እናት፦ የቱ ሱቅ እንደሆነ ሳልናገር?

የድሮ ደንበኛ፦ የኔው ሰውዬ ጨዋ ነው። ባለፈው ጎማዬን በነጻ ነፋልኝ።

ጋቢ ለባሹ፦ በቃ ሂተሩንም ይንፋልን።

አዲስ ገቢ፦ ለምን ከሰል አትይዙም? ቡናም ይፈላበታል።

መመሪያ አንባቢ፦ እባክህ ይሄን አጥፋው። ከሰል በተዘጋ ቤት ስንት ሰው እንደበላ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል።

የኦሮራ ልጅ፦ የሚገጥም ሰው ብዬ ነበር...

ጋቢ ለባሹ፦ እሺ፣ የምር እናውራ። ሙቀቱን የሚበላው የሹፌሩ ጋቢና ነው፣ ሁሉም ነገር መስታወት ስለሆነ። መጋረጃም ሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ጋርዱና ከመኝታው ለዩት። መስኮቶቹን በአንጸባራቂ ፎይል ድፈኑ። ባትሪያችሁ ሊቲየም ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ አታድርጉት፣ ይበላሻል። ለምድጃ ቡታን አትግዙ። ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ጋዝ መሆኑን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ -42 ይሠራል። አላርሙን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ተጭናችሁ ሞክሩት።

የልጆች እናት፦ ለካ ታውቃለህ!

ትራክ ነጂው፦ ናፍጣውን ከገዛህ ለከፍታ የሚስተካከለውን ምረጥ። ካልሆነ ጥቀርሻ ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ አድርገህም አታንድደው። የክረምት ናፍጣ ካልቀዳህ ደግሞ ብርዱ ያረጋዋል።

የድሮ ደንበኛ፦ የኔ ሰውዬ ናፍጣም ይሸጣል።

የኦሮራ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ እንወጣለን። እንጀራው በረዶ እንዳይሆን ምን ይሻላል?

ቡዲዬ፦ አይስ ቦክስ ውስጥ ክተቱት፣ ያለ በረዶ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ትራክ ነጂው፦ ጋራዥህ ውስጥ?