በቪስዋ ወንዝ ላይ የፖላንድ ምግብ ቅምሻ፦ ለጿሚ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነን። እናቴን ይዤ በፍልሰታ ፖላንድ፣ ክራኮው ከተማ እሄዳለሁ። የጀልባ ጉብኝቱ ቲኬት የአገሩን ምግብ ቅምሻ ይጨምራል። እሷ ጿሚ ናት። ምን ትቅመስ? ጋቢስ ትያዝ?

መልስ 1፦ ፒየሮጊ በቀጭን የስንዴ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ነው። «ሩስኪዬ» የሚሉት ድንችና አይብ ስላለው ይቅርባት። ጎመንና እንጉዳይ ያለውን ይዘዙላት፤ ግን ሊጡ እንቁላል እንዳለው ይጠይቁ። ዋናው ወጥመድ ከላይ የሚነሰነሰው ነው፦ ቅቤ ወይም «ስክፋርኪ»፣ ማለትም የተጠበሰ የአሳማ ስብ። ሳይጨመርበት በፊት ይናገሩ። ዳቦ ላይ የሚቀባው ነጭ «ስማሌጽ»ም ቅቤ መስሎ የአሳማ ስብ ነው። ዡሬክ ሾርባ ከአጃ መሰል እህል ዱቄት ለቀናት ይቦካል፤ ሽታው የእንጀራ እርሾን ያስታውሳል፣ ቋሊማና እንቁላል ግን አይጠፋውም። በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በእንስላል የኮመጠጠው ኪያር የጾም ነው።

መልስ 2፦ ጾሙ ሲፈታ ኦስጽፔክን እንዳትረሱ። የታትራ ተራራ እረኞች ከበግ ወተት የሚሠሩት፣ በጭስ የደረቀ አይብ ነው፤ ቅርጹ እንደ እንዝርት መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ። የመንዝ ሰው ቢቀምሰው «እኛስ በጎቹን ለምን አናልብም?» ማለቱ አይቀርም።

መልስ 3፦ ጋቢው ይቅር፣ ሹራብና ነጠላ ይበቃል፤ የላይኛው ወለል ላይ ነፋስ አለ። ከባድ ዝናብ ወንዙን ሲሞላው ጀልባ በድልድዮቹ ስር ማለፍ ስለማይችል ጉዞው ይሰረዛል። ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈል በፊት ይጣራ። መገበያያው ዝሎቲ ነው፣ ዩሮ አይደለም።