ሬት ሲንድረም ያለባት ልጅ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን 13 ዓመቷ ነው፣ ሬት ሲንድረም (ንግግርንና የእጅ አጠቃቀምን የሚያሳጣ፣ በአብዛኛው ሴቶች ላይ የሚታይ የዘረመል ሕመም) አለባት። ስለማትናገር ጥርሷን ማመሙን የምናውቀው ምግብ እንቢ ስትል ነው። እጅ አፍ ውስጥ መክተት የሕመሙ ጠባይ ስለሆነ እሱን አናምነውም።

ማጽዳቱን ለምደነዋል፦ ከኋላዋ ሆነን ጭንቅላቷን ደረታችን ላይ እናስደግፍና አገጯን ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን፤ ቀና ካለች ትን ይላታል። መትፋት ስለማትችል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በስሱ ብቻ ቀብተን የተረፈውን በጋዝ (በቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) እንጠርጋለን። አፏን እንድትከፍት በጋዝ የተጠቀለለ ምላስ መጫኛ እንጨት በመንጋጋ ጥርሶቿ መካከል እናስገባለን። ጣት በፍጹም!

ለሚጥል በሽታ የምትወስደው ፌኒቶይን ድዷን አሳብጦ የፊት ጥርሶቿን ሲሶ ያህል ሸፍኗል። ቆሻሻ ከሥሩ ስለሚቀር ሲቦረሽ ይደማል።

የተቸገርነው ግን ማፋጨቱ ላይ ነው። ነቅታ ሳለች ታፋጫለች፣ ስትተኛ ይተዋታል። የመንጋጋ ጥርሶቿ አናት ተልጦ ቢጫው ወጥቷል። ጥርሷ ላይ የሚጠለቅ የፕላስቲክ መከላከያ ይሠራላት ተባልን። ነክሳ ብትሰብረው ስባሪው ሳንባዋ ይገባል ብለን ፈራን፤ ድዱ ባበጠ ቁጥርም ልኩ አይገጥምም።

መከላከያ ያሠራችሁ ካላችሁ ከምን ተሠራ? ቀን ላይስ ጠቀመ? ፌኒቶይን በሌላ ሲተካ ድዱ በራሱ ይመለሳል ወይስ ይቆረጣል? (በራሳችን አናቆምም፣ ድንገት ከተቋረጠ መጣሉ ይብሳል።) ሙሉ ማደንዘዣ ካስፈለገስ፣ በሬት የልብ ኪው-ቲ (በእያንዳንዱ ምት የልብ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ጊዜ) ሊረዝም ስለሚችል ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እናስነሣለን፤ ሌላ ምን እንጠይቅ?