የተዘለለ ዳዊት ይካካሳል ወይስ ይታለፋል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መዝሙረ ዳዊትን በሳምንት ማድረስ (ጸልዮ መጨረስ) አቅቶኝ ምክር ፈልጌ ነው። ክፍፍሉ ግልጽ ነው፦ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። የሚያደናቅፈኝ ዓርብ ነው። ሁለት ንጉሥ (አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው) ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ 118ኛው መዝሙር ግን እዚያ ውስጥ አለ፤ በዕብራይስጥ ፊደላት ከአሌፍ እስከ ታው 22 ክፍል፣ 176 ቁጥር። ላሜድ ላይ ስደርስ አፌ ያነባል፣ ልቤ የለም። እዚያው አቋርጣለሁ። ቅዳሜ የዓርቡ ዕዳ ይደረብበታል፣ ሰኞ ደግሞ 30 መዝሙር ሲጠብቀኝ ጭራሽ መጽሐፉን አልከፍትም። የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም ግን አላስታጉልም (አጭር ስለሆነ ይመስለኛል)።

ያልደረሰውን በማግስቱ ልጨምረው ወይስ ትቼ የቀኑን ድርሻ ልያዝ? የሰኞውን ሦስት ንጉሥ አንዱን በነግህ፣ አንዱን በቀትር፣ አንዱን በሠርክ ብከፍለውስ? ወይስ በቀን አንድ ንጉሥ ብቻ ይዤ በ15 ቀን ልጨርስ? «የንስሐ አባትህን ጠይቅ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እጠይቃለሁ። ግን 118ኛውን ሳያቋርጥ የሚያደርስ ካለ፣ የት ላይ ነው የምታርፉት?