ባለ 36 ቀዳዳ የድሮ ቸርኬ የት ላግኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ብስክሌት የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ተባበሩኝ።

አጎቴ በንጉሡ ዘመን ይወዳደርበት የነበረ የጣሊያን ብስክሌት እኔ ጋ አለ። ፍሬሙ ጤነኛ ነው። ሞዞዎቹ (የእግሮቹ መሃል እምብርቶች) ካምፓኞሎ የሚባለው የጣሊያን ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ ኩሽኔታቸውን አጥቤ ግሪስ ስቀባቸው እንደ አዲስ ዞሩ። ችግሩ የኋላው ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ቀለበት ነው። ራጂ (ቸርኬውን ከሞዞው የሚያያይዘው ሽቦ) በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ላይ ጎማው በማስቲሽ የሚለጠፈው፣ ካላማዳሪው ውስጡ የተሰፋበት ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ብዙ ሰው «ሙሉውን አዲስ እግር ግዛ» ይለኛል። ግን የአሁኑ የኮርሳ (የውድድር) ብስክሌት የኋላ ሞዞ ወርዱ 130 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የእኔ ፍሬም 120። ብረቱን በጉልበት መፈልቀቅ አልፈልግም። እነዚህን የመሰሉ ሞዞዎች መጣልም አያስችለኝም።

ያሰብኩት ሞዞውን ይዤ ተራ ጎማ በሚቀበል ባለ 700 ቸርኬ (የኮርሳ ብስክሌት የተለመደ መጠን) ላይ በራጂ ማሳሰር ነው። የአሮጌውና የአዲሱ ቸርኬ የውጭ ዲያሜትር ስለሚቀራረብ ፍሬኑ ይደርሳል። ሞዞው ግን 36 ቀዳዳ ነው፤ ገበያ ላይ ያየኋቸው ቸርኬዎች 32 ናቸው።

ያገለገለም ቢሆን ባለ 36 ያለው ሰው አለ? ካልተጣመመና ካልተሰነጠቀ ዝገቱ አያሳስበኝም፣ አጸዳዋለሁ። ቸርኬው ሲቀየር የራጂው ቁመትም ይቀየራል። በልክ ቆርጦ ጥርስ የሚያወጣ፣ ራጂውንም በእጅ ወጥሮ እግሩን የሚያቃና የድሮ ባለሙያ የምታውቁ ሰፈሩን ጠቁሙኝ። ጣሊያን ያላችሁም፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ካያችሁ ዋጋውን ንገሩኝ፤ ገንዘቡን ቀድሜ እልካለሁ።